ድንኳኔን የወረሱት መሪጌታ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ርካሽ ጉዞ ብዬ ድንኳን ተሸክሜ መጣሁ፤ የሚያስተክለኝ ሰው ግን አጣሁ። ከአርብ ገበያ ወደ በሽሎ ወንዝ በእግሬ ስወርድ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ትናንት አንድ ገበሬ ጎትቶ ቤቱ አሳደረኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራር ሥር ልተክል ስል ደግሞ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ደረሱብኝ።

«ቤት እያለ ሜዳ ላይ? ሰው ምን ይለናል!» ብለው ተቆጡና ቦርሳዬን አነሱት። «የቆሎ ተማሪ ሳለሁ አገር ላገር ስዞር አኩፋዳዬ ከዚህ ይቀል ነበር» አሉ፣ እየሳቁ።

ግቢያቸው ስንደርስ ድንኳኑን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ተከልኩት። ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ተጋደሙ፣ ጣሪያውን በእጃቸው ዳሰሱ።

«ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ስማር የነበረችኝ ጎጆ ልክ ይህችን ታክል ነበር።»

ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው አጮልቀው አዩ።

«ዝም በላቸው ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እንቅልፍ ካጡ ከርመዋል።»

አሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ማንኮራፋታቸውን እያዳመጥኩ እጽፋለሁ። ነገ ድንኳን ሳይኖረኝ ወንዙ ዳር እንዴት እንደማድር እንጃ። ካስማውን ለመንቀል ግን እጄ እሺ አላለኝም።