ንቧ፣ ወፏ እና የባሌ ግድግዳ

ሚያዝያ 3
እንደ ወትሮው አልጋው ሥር ተቀምጬ የሰው ልብስ ስሰፋ ዋልኩ። አንድ መርፌ ጠፋብኝ... ባሌ ከመግባቱ በተረከዙ አገኘው። “መስፊያ ክፍል ክፈልልኝ ካልኩህ ስድስት ዓመት!” “ነገ።” አናጺ ነው እንግዲህ! የሰው ቤት ሲያቆም ይውላል፣ ለኔ አንድ ግድግዳ አቃተው።

ሚያዝያ 5
የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር የዱር ንብ የመስኮቱን እንጨት በስታ ገባች። ባሌ በገዛ እጁ የሠራውን! ቀዳዳውን ለካው። “በመሰርሰሪያ እንኳ እንዲህ ክብ አይወጣም” ብሎ ጦፈ። ያናደደው መብሳቷ ነው ወይስ ማሳመሯ? እሁድ በስቱኮ ሊደፍናት ነው። እኔ እያለሁ?

ሚያዝያ 6
ለካ እሱም ወዳጅ አለችው። ደጃፍ ካለው ቁጥቋጦ ላይ እፍኝ የማትሞላ ወፍ ቅጠል ከቅጠል ሰፍታ ጎጆ ሠርታለች። “ትዘፍናለች፣ ትሰፋለች፣ የሰው መስኮት አትነካም። ስፌቷ ደግሞ ካንቺ ይጠብቃል።”
ካንቺ!
ምሳውን ራሱ ያሙቅ።

ሚያዝያ 7
ሄጄ አየሁት። አንዱ ስፌት ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። እኔ እንዲህ ብሰፋ ደንበኛ ፊቴ ላይ ይወረውርልኝ ነበር። ዘፈኗም ያው አንድ ቃል፣ ከንጋት እስከ ቀትር። ንቤ ግን አንገቷን ደፍታ ሥራዋን...
እሺ፣ ቋጠሮዋ ያምራል። ለሱ ግን አልነግረውም።

ሚያዝያ 9፣ እሁድ
ስቱኮውን ይዞ መጣ። መስኮቱ ፊት ተገተርኩ።
“ዞር በይ!”
“ወይ ፍንክች!”
ጎረቤታችንን፣ ጡረተኛውን የባዮሎጂ መምህር፣ ጩኸታችን አወጣቸው። “ልጄ፣ እዚያ ውስጥ እኮ ብዙ ክፍል አለ። ለያንዳንዱ እንቁላል አንድ። የእንጨቱን ብናኝ አላምጣ ግድግዳ ታደርገዋለች” አሉት።
“ሁሉን ለመጨረስ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል፣ ጋሼ?”
“ቢበዛ ጥቂት ሳምንት።”
ባሌ አየኝ። እኔም አየሁት። ስድስት ጣቴን አሳየሁት። ስቱኮው እጁ ላይ ደረቀ።

ሚያዝያ 12
ጣውላ ተሸክሞ መጣ። “በንብማ አልበለጥም!” መዶሻው ሲንኳኳ ዋለ። እኔም ጥጌ ውስጥ ከስፌት መኪናዬ ጋር ተቀምጬ የወፏን ቋጠሮ ሞከርኩ። አቃተኝ... አይ ውርደት!

ሚያዝያ 14
ግድግዳው ቆመ! ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ቀጥ ያለ። የራሴ ክፍል... እንባዬ መጣ።
“እንዴት ነው?” አለኝ ከወዲያ ማዶ።
“እጅህ ይባረክ! ና፣ ግባና እየው።”
ከዚያ ጣውላውን ሲደባብስ ሰማሁት።
በር ረስቷል።
“ንቧስ መቼ በር ሠራች?” እያለ ይኸው መጋዙን ይፈልጋል። መጋዙ ያለው እኔ ጋ ነው።