ለአፍደም የተሰፋ መጅሊስ

ጅግጅጋ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለቀናው፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ መስማቱ ደስ ባይልህም። ስልክህን ስለዘጋህብኝ በወረቀት መጣሁብህ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመዝገብ ቤት ሥራዬን ለቅቄ የሳሎን መቀመጫ ፍራሽ፣ መጅሊስ፣ ልሰፋ ስነሳ ያልከኝን አልረሳሁም። «እኔ ያገባሁት የመንግሥት ሠራተኛ እንጂ ፍራሽ ሰፊ አይደለም» ነበር ያልከው። ደመወዜ በተቋረጠ በሁለተኛው ወር ሻንጣህን ይዘህ አፍደም ከተማ ገባህ። ባዶ ቤት ተቀምጬ ሳለቅስ፣ ጨርቅ የምትሸጥልኝ ኤብላ «አብሽሪ፣ እጅሽ እንጀራ ያበላሻል» ብላ አስነሳችኝ። ይኸው ዛሬ የጅግጅጋ ሙሽራ ወረፋ ይዞ ይጠብቀኛል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሃኒ የምትባል ልጅ ከአፍደም መጣች። «ለሠርጌ ነው» ብላ የሳሎኑን ፎቶ ከስልኳ አሳየችኝ። ፎቶው ላይ አንተ ሜትር ይዘህ ግድግዳውን ትለካለህ። የቀድሞ ሚስትህ መሆኔን አልነገርኳትም። አንተም ማን እንደሚሰፋላት አልጠየቅሃትም፤ ድሮስ መቼ የሰው ሥራ ጠይቀህ ታውቃለህ?

እውነቱን ልንገርህ፣ ዳር ዳሩን ስፖንጅ፣ መሀሉን ቡትቶ ልሞላው ነበር፤ ሚዜዎችህ ፊት እንድትሰምጥ። ግማሹን ከሞላሁ በኋላ ዘርግፌ ጣልኩት። በአንተ የተነሳ ስሜ አይበላሽም። ግራ ክርንህን ስለሚያምህ በዚያ በኩል ያለውን መደገፊያ ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ። ለማንም ደንበኛ የማደርገው ነው።

ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ሃኒ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ አልተነሳችም። «ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተጎልቶ መዋል አንገሽግሾኛል። እትዬ፣ አንቺ እንዴት ደፍረሽ ለቀቅሽ?» አለችኝ። ስፌት ማሽኑ ላይ አስቀመጥኳት፤ እጇ ቀጥ ያለ ነው፣ ጠርዝ አያመልጣትም። «እጮኛዬ ምን ይለኝ ይሆን?» ስትል፣ «የሚወድሽ ከሆነ ምን ይላል?» አልኳት። ይህን ስል አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ልጅቷ ምስኪን ናት፣ ክፉ አልመኝላትም። አንዱ ማሽኔ ከመጅሊሱ ጋር ተጭኗል፤ የአፍደምን ሥራ አብረን እንሠራለን። የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻዋን ያረቀቅኩላት እኔ ነኝ። የራሴን ቃል በቃል ገልብጬ ስሙን ብቻ ቀየርኩ። ዛሬ ጠዋት ደውላ «አስገባሁት» አለችኝ። ለአንተ የሠርጉ ዕለት ልትነግርህ ነው፤ ደስ የሚልህ መስሏታል።

እንግዲህ አሁን አውቀሃል፤ ሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ካገባሃት፣ እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ፣ እሷን ከእንባ ይጠብቃት፣ ለአንተም ልቦና ይስጥህ። ከሸሸህ ግን ይህ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ብቻ እንዳይመስልህ።

ፍቅርአዲስ

ግልባጭ፦ ሠርጉ ከቀረ፣ ለሃኒ