ባዶ መንገድ ላይ መቆም

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጁማ ካን፤

የአላህ ሰላምና ምሕረት ከእርስዎና ከቤትዎ ሁሉ አይለይ። ጤናዎ እንዴት ነው? የጉልበትዎ ሕመም በፓኪስታን፣ በኩዌታ ብርድ ባሰ ወይስ ተወዎ? እትዬ ዘይነብስ ዓይናቸውን ታክመው ዳኑ? እኛ ደህና ነን፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

የመንጃ ፈቃድህ ነገር ምን ደረሰ ብለው በስልክ በጠየቁኝ ቁጥር ወሬ እየቀየርኩ አስቸግሬዎታለሁ። በስልክ የሚነገር ስላልሆነብኝ ነው።

የካቡሉን መንጃ ፈቃዴን አስተርጉሜ እዚህ አውስትራሊያ ለመንጃ ፈቃድ ቢሮው ባቀርብ፣ የአገርህን አንቀበልም፣ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተፈተን አሉኝ። ከካቡል ባሚያን በበረዶና በጭቃ የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩት ዕድሜ እንዳልነበረ ሆነ። ፈተናውን እስካልፍ ድረስ ፈቃድ ያለው ሰው ከጎኔ ካልተቀመጠ መሪ መያዝ አይፈቀድልኝም። የምትቀመጠው መርዚያ ናት። በልጅነቷ እርስዎ ጋቢና ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያስተኟት የነበረችው ልጄ፣ ዛሬ ነርስ ሆና እኔን ታስነዳኛለች። ኮክ ለቀማ ላይ አብሮኝ የሚውለው ኖውሩዝ አሊ፣ «ሹፌሩ፣ ዛሬስ አለቃህ ፈቀደችልህ?» ይለኛል። እስቃለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

የባለቤቴ የሳኪና ኩላሊት ስለደከመ ደሟን ለማሳጠብ ሆስፒታል ትመላለሳለች። የምታደርሳት መርዚያ ነበረች፣ ከአዳር ሥራዋ ወጥታ ሳትተኛ። አንድ ጠዋት ልጅቷን መሪው ላይ እንቅልፍ ጣላትና ከመንገድ ወጥተን አጥር ላይ ቆምን። አላህ አተረፈን። ሹፌሩ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴም ወደቅሁ። ፈታኟ ጨዋ ሴት ናት፤ መንዳቱን እንደምችል ነገረችኝ። ግን ቁም የሚለው ምልክት ጋ አልቆምክም አለችኝ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም ብላት፣ «ባይኖርም ትቆማለህ» አለችኝ።

ቤት ስንገባ መርዚያ ተቆጣች። «አባባ፣ መኪና ባለበት ሁሉ ይቆማሉ። ባዶ ሲሆን ነው የማይቆሙት። ለምን?» አለችኝ።

ኋላ ነው የገባኝ። ባሚያን መንገድ ላይ፣ ጃልሬዝ የሆነውን ያስታውሳሉ። መኪናውን ይዞ ከፊታችን ይሄድ የነበረው ጓደኛችን አብዱል ካሊቅ ጭር ባለው መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አይቶ ቆመ። መሣሪያ የያዙት ሰዎች ከፖም ዛፎቹ ሥር ወጡ። ከጎኔ የተቀመጡት እርስዎ ክንዴን ጨምድደው «አትቁም፣ ንዳ!» አሉኝ፤ በዳር በኩል ጥሼ አለፍኩ። አብዱል ካሊቅ በእጃቸው ቀረ። ያን ቀን ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት። እግሬ ግን እስከ ዛሬ የሚታዘዘው ለእርስዎ ነው።

ይህን ለመርዚያ ነገርኳት።  በማግስቱ ግራና ቀኙ የፍራፍሬ ዛፍ ወደሆነ መስቀለኛ መንገድ ወሰደችኝና እዚህ ይቁሙ አለችኝ። ቆምኩ። ዓይኔ ከዛፎቹ አልነቀል አለ። እጇን በእጄ ላይ አድርጋ፣ «ማንም አይመጣም፣ አባባ። ይዩት» አለችኝ። ያን ጊዜ፣ ለአብዱል ካሊቅ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ልጄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ በሌላት ቀን ሁሉ እዚያው እየወሰደች ታቆመኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አለፍኩ። አሁን ሳኪናን የማደርሳት እኔ ነኝ፤ መርዚያ ትተኛለች። ከባድ መኪናው ግን ገና ነው። የጭነት መኪኖች ያሉት አንድ ሰው ዘንድ ሄጄ ሥራ ብጠይቀው፣ እዚህ አገር የነዳኸውን ብቻ ነው የምቆጥርልህ፣ ቆይተህ ተመለስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቆይተህ መባሉ ከፍቶኛል፤ አልደብቅዎትም። እስከዚያው ኮክ እለቅማለሁ።

እትዬ ዘይነብን ሳኪና እጅግ አድርጋ ሰላም ትላቸዋለች። ሙርተዛን ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ይምከሩልኝ። ለፋጢማና ለአዲሱ ሕፃኗ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ስሙን ማን አላችሁት? ለጎረቤታችን ለሐጂ ሁሴን እጅ እነሳለሁ።

የቪዛዎ ነገር አላህ ካለ ይሳካል። ያን ጊዜ ከሜልበርን አውሮፕላን ማረፊያ የምወስድዎ እኔው ነኝ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰላምም ነው። እርስዎ መኪና ውስጥ ዓይንዎን ከድነው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጬልዎ ይተኛሉ።

ታናሽ ወንድምዎ ኔማቱላህ
ሸፐርተን፣ አውስትራሊያ
መጋቢት 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.