ጥርስሽ ሲወልቅ ትመጣለች

ሐምሌ 3፣ ሰኞ

የጎረቤቷን ቀሚስ ጨረስኩ። እጅጌውን ሁለቴ ፈትቼ ሁለቴ ሰፋሁት። ጠበበኝ አለች… ክንዷ ወፈረ እንጂ እጅጌውስ እንደነበረ ነው። አልነገርኳትም። ምን አገባኝ?

ከሰዓት የቢሮዋ መጣች። ቤቴ ተቀብዬ የማሳድጋትን ሚጢጢን እንድትከታተል ከሕፃናት ቢሮ የተመደበችው ወጣት ሠራተኛ። እኔና እህቴ "እሜቴ አብረን" እያልን ነው የምናማት። አፏን በከፈተች ቁጥር አብረን እናየዋለን፣ አብረን እንወስናለን፣ እኛ እኮ አንድ ቡድን ነን። ከዚያ ብቻዋን ወስና ብቻዋን ትሄዳለች። ዛሬም በጭቃ ጫማዋ ምንጣፌ ላይ ቆማ ስለ ቡድን አስተማረችኝ። ሻይ ሰጠኋት። ስትጠጣ እስከ ጓዳ ይሰማል። የተማረ ሰው…

"እትዬ፣ ልጅቷ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።"

"ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው።"

ሌላ ምን ልበላት? ሚጢጢ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ "እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?" እንደምትል? የቢሮዋም ታውቀዋለች። እናትየው እስር ቤት ናት። በጠብ ሰው ጎድታ ተፈርዶባታል፣ ብዙ ዓመት። ቢሮው ደግሞ "ባለሙያ እስኪወስን ለልጅቷ አይነገራት" ብሏል። ባለሙያው ማነው? መቼ ነው የሚወስነው? ይህን የሚነግረኝ ሌላ ባለሙያ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ሐምሌ 6፣ ሐሙስ

ስልጠና ተጠራን። እንደኔ የሰው ልጅ ተቀብለን የምናሳድግ ሁሉ፣ ከቢሮ ሠራተኞቹ ጋር። ርዕሱ "የቡድን ሥራ"። ኃላፊው ከፈተው፤ ቡድን ኃይል ነው አለና ወጥቶ ሄደ። አልተመለሰም።

አሰልጣኙ ክብ ሠርታችሁ ቁሙ አለ። አንድ ትልቅ ድውር የሱፍ ክር አምጥቶ፣ ያዥና ወርውሪ፣ ያዝና ወርውር። "አያችሁ? ሁላችንም ተሳሰርን!" እሜቴ አብረን አጨበጨበች። እኔ ክሩን ነበር የማየው። ጥሩ ሱፍ ነበር። ሲያልቅ ማንም አልጠቀለለውም። እንደተወሳሰበ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።

አንድ ጎልማሳ ተነስቶ፣ "ልጁ ሲታመም ለማን ነው የምደውለው?" አለ። "እሱን በሻይ ሰዓት እናየዋለን" አሉት። በሻይ ሰዓት ብስኩት ነበር።

ሐምሌ 12፣ ረቡዕ

ሚጢጢ ዛሬ ጠዋት ማልቀስ ጀምራ ማቆም አቃታት። መቼ ነው፣ መቼ ነው፣ መቼ ነው… ጆሮዬ ጩኸት አይችልም፤ አንጀቴም አይችልም። "ዝናቡ ሲያቆም" አልኳት።

ዝም አለች። ሄዳ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። በዚህ ወር ደግሞ ዝናብ አያቆምም። እኔም ብልጥ ሆንኩ ማለት ነው።

ሐምሌ 18፣ ማክሰኞ

ፀሐይ ወጣች። ሚጢጢ ጫማዋን አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ግራና ቀኙን አገላብጣ ነው ያደረገችው። ብትጠራ ብትለመን አትገባም።

"ይሄ አይደለም ያልኩሽ። ሌላ ዝናብ ነው።"

"የትኛው?"

ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ… እንደ ዳኛ ነው ያየችኝ።

ሐምሌ 25፣ ማክሰኞ

እሜቴ አብረን መጣች። "ከልጅቷ ጋር ብቻችንን እንሁን" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በገዛ ቤቴ! ስትወጣ ፊቷ በርቷል።

"አሁን ተረጋግታለች እትዬ።"

"ምን አሏት?"

"የሙያው ዘዴ አለ። ልጅ ቅርብ ተስፋ ይፈልጋል።"

እርስዎ እላታለሁ፤ ለክብሯ አይደለም። ሰው አንቺ ከተባለ ይቀርባል፤ አትቅረበኝ ብዬ ነው።

ዘዴውስ ምን ይሆን? ሚጢጢ ግን እውነትም አላለቀሰችም። መስታወት ፊት ቆማ ጥርሷን ስትገፋ ዋለች። "እቴቴ፣ ጥርስ መቼ ነው የሚወልቀው?"

"ሲነቃነቅ።"

"የኔ አይነቃነቅም።"

"ቸኮልሽ? እኔ እንኳ ከቀሩኝ ጋር ተስማምቼ እየኖርኩ ነው።"

እህቴ ሳቀች። ሚጢጢ አልሳቀችም።

ነሐሴ 2፣ ማክሰኞ

እስካሁን መርፌ መያዝ አልቻልኩም።

ለሸሚዝ የሚሆን ቁልፍ ልገዛ ወጣሁ፤ እህቴ ልብስ ታጥባለች። ተመልሼ የጓዳውን በር ሳብኩ። ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። አንድ ጩኸት… በሩ ላይ ክር፣ የክሩ ጫፍ ላይ ጥርስ፣ ሚጢጢ በግንባሯ ተደፍታ። ከመቃኑ ጋር ተጋጭታ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ክሩን ከስፌት መኪናዬ ላይ ወስዳ፣ አንዱን ጫፍ ጥርሷ ላይ ሌላውን እጀታው ላይ አስራ ሰው እስኪከፍት ትጠብቅ ነበር።

ደም በደም ሆና ስትነሳ… ትስቃለች! "ወለቀ! ወለቀ!"

ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች።

"ማነው የመታት?"

"ማንም።"

"በሩን ማን ከፈተው?"

"እኔ።"

"ክሩስ የማነው?"

"የኔ።"

እውነቱን ስናገር እንደ ሌባ ነው የሚያደርገኝ። ሚጢጢን ለምን እንዲህ አደረግሽ አለቻት። አፏን በእጇ ሸፈነች። ምስጢር ነው አለች፤ ለኔም አልነገረችም።

ነሐሴ 3፣ ረቡዕ

ጥርሱን በመዳፏ ይዛ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ። ዝናብ እየመታት። ጎትቼ አስገባኋት፤ ሾልካ ወጣች።

ወደ ማታ ላይ እራሷ ገብታ ቀሚሴን ያዘችኝ። "እቴቴ… ወለቀ እኮ። ለምን አልመጣችም?"

"ማን?"

"እናቴ። ጥርስሽ ሲወልቅ ትመጣለች ብላኛለች የቢሮዋ። ለማንም አትንገሪ፣ የኔና ያንቺ ምስጢር ነው አለች።"

ዘዴው ይሄ ነበር! ይሄን ለመማር ስንት ዓመት ፈጀባት?

ነሐሴ 4፣ ሐሙስ

ክሊኒኩ ለቢሮው ነግሯል። ኃላፊው ልጅቷን ከዚህ ቤት ላንሳት ብሏል፤ ከከተማ ውጭ ወዳለው የሕፃናት ማዕከል። ሰኞ እንድንቀርብ። እሜቴ አብረን ነች መልእክቱን ያመጣችው። በሩ ላይ ቆማ፣ ገባ ሳትል።

"ምን ብለሻት ነው?" አልኳት። አንቺ አልኳት። ከአፌ ወጣ።

ፊቷ አመድ መሰለ። "እትዬ… ስታለቅስብኝ… ጥርሷ ገና ዓመት ይቆያል ብዬ…"

"ዓመት ይቆያል ብለሽ።"

"እርስዎስ? ዝናቡ ሲያቆም አላሏትም? ነግራኛለች። እቴቴ ዝናብ አለች፣ የማናችሁን ልመን? ብላ ጠይቃኛለች።"

አሁን ደግሞ የኔ ፊት አመድ መሰለ።

"እና ምን አልሻት?"

"የኔን እመኚ አልኳት።"

እህቴ ከኋላዬ ሆና፣ "አቤት ቡድን!" አለች።

በሩን ዘጋሁባት። ሚጢጢ ብትሄድስ? እዚያ ሄዳ ማንን ነው የምትጠይቀው? አርባ ሰው ይኖራል፤ አርባ ዓይነት መልስ ይሰጣታል።

ነሐሴ 7፣ እሁድ

ምንም አልሠራሁም። ልብሷን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። መልሼ አወጣሁት።

ነሐሴ 8፣ ሰኞ

ስንገባ ኃላፊው ብዕሩን ያሽከረክራል። አላቆመም።

"ለሁሉም ደህንነት ሲባል ልጅቷ ለጊዜው ብትዛወር…" ለሁሉም ማለት ለሱ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

እሜቴ አብረን ጉልበቷ ላይ ነበር የምታየው። ዝም ትላለች ብዬ ቆርጫለሁ። ዝም ብትል ማን ይጠይቃታል? የልጅ ቃል ነው፤ እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። እንደውም ዝም ብትል ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ፤ ንቀቴ ልክ ነበር እል ነበር።

ተነሳች። "እኔ ነኝ። ጥርስሽ ሲወልቅ እናትሽ ትመጣለች ያልኳት እኔ ነኝ። ምስጢር ነው ያልኳትም እኔው ነኝ። እትዬ አልነካቻትም።"

ብዕሩ ቆመ። "ይሄ ሪፖርትሽ ላይ የለም።"

"የለም። አልጻፍኩትም።"

ይህን ብላም አልተቀመጠችም። ያኔ እኔም… ሰው ፊት ተናግሬ የማላውቀው… "እኔ ደግሞ ዝናቡ ሲያቆም ብያታለሁ" አልኩ። "አይነገራት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀው ግን እኛን ነው።"

ወንበሩ የተናገረ ይመስል ዞሮ አየኝ። ብዙ ጉሮሮውን ጠራረገ። በመጨረሻ ልጅቷ እኔው ጋ ትቆይ፤ ለቢሮዋ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት፤ ለልጅቷ እውነቱን መንገር ከፈለግን ደግሞ "በራሳችሁ ኃላፊነት" አለ።

ድሮስ በማን ነበር?

ስንወጣ አላመሰገንኳትም። ራሷ አቃጥላ ራሷ ውሃ ብትደፋ ምን ተብላ ትመሰገናለች? ግን ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላዬ ሥር እስከ ፌርማታው ሸኘኋት።

ነሐሴ 10፣ ረቡዕ

ነገርናት።

መጀመሪያ ጓዳ ገብተን በሹክሹክታ ተጣላን። የቢሮዋ "እናትሽ ለጊዜው ሩቅ ቤት ናት" እንበላት አለች።

"ለጊዜው ሌላ ጥርስ ነው። እስር ቤት በያት።"

"ልጅ እኮ ናት እትዬ!"

"ልጅ ናት ብለን አይደል እዚህ የደረስነው?"

እኔ ደግሞ መቼ ትመጣለች ስትል፣ ፈጣሪ ያውቃል እላታለሁ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። "እሱም ዝናብ ነው።"

እውነቷን ነው። ተናደድኩ። አንዲት ልጅ ፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሁለት ትልልቅ ሴቶች ይህን ያህል…

ከዚያ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀመጥን። "እናትሽ እስር ቤት ናት። ተጣልታ ሰው ጎድታለች። አንቺን ትታ አልሄደችም፤ መውጣት ከልክለዋት ነው። አንቺ ትልቅ ልጅ እስክትሆኚ አትወጣም።" ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኔ።

ሚጢጢ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች።

"ዝናቡ ቢያቆምም?"

"ቢያቆምም።"

"ጥርሴ ሁሉ ቢወልቅም?"

"ቢወልቅም።"

እጄን ነከሰችኝ። የቢሮዋን በእግሯ መታቻት። ከዚያ አለቀሰች፣ አለቀሰች… ማናችንንም አታስጠጋ። ደክሟት ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኛች።

የቢሮዋ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ስታለቅስም እስከ ሳሎን ይሰማል። ዝም በይ አላልኳትም።

ነሐሴ 19፣ ዓርብ

አዲስ በሽታ አመጣች ሚጢጢ። እኔን አታምነኝም፤ ለብቻዬ። ነገ ጫማ እንገዛለን አልኳት። "ለቢሮዋም ደውዪላት፣ እሷም ትበል።" ለጫማ! ደወልኩ። ያቺኛዋ ለካ "ሐኪም ያይሻል" ስትላት፣ እቴቴም ትበል ተብላ ከመንገድ ትደውልልኛለች። አሁን አንዳችን ቃል ልናወጣ ከፈለግን ሌላዋን ማስፈቀድ ሆኗል። ስንት ኃላፊ እየናቅኩ ኖሬ፣ በስተርጅና ጥርስ የሌላት አለቃ ተሾመችብኝ።

ጠዋት ግን መቼ ነው የምትመጣው ማለት ቀርቷል። ተኝታ ጣራውን ታያለች። የትኛው ይሻላል? እንጃ።

መስከረም 2፣ ማክሰኞ

እስር ቤት ለመጠየቅ ፈቃድ አመለከትኩ አለችኝ የቢሮዋ በስልክ። "ለልጅቷ አሁኑኑ እንንገራት!"

"ፈቃዱ እጅሽ ገብቷል?"

"አልገባም።"

"እንግዲያው አፍሽን ዝጊ።"

"እሺ እትዬ።"

እሺ አለች! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መስከረም 13፣ ቅዳሜ

ፈቃዱ ወጣ፤ እስር ቤት ሄድን። ሦስታችን።

እናትየውን ለመናቅ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሰው ጎድታ፣ ልጇን በትና… የምላትን ሁሉ በልቤ ደርድሬ። ከወንፊት ሽቦ ጀርባ የመጣችው ግን ኮስማና፣ ከትከሻዋ የሚሰፋ ሸሚዝ የለበሰች፣ ልጅ እግር ናት። የሸሚዙ ስፌት ተተርትሯል። መርፌ አይገባም መሰለኝ እዚያ።

ሚጢጢ አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ሄዳ ሽቦው ላይ ግንባሯን አደረገች። እናትየውም በዚያ በኩል አደረገች። ብዙ ቆዩ እንደዚያው።

ከዚያ እናትየው ዓይኗን ጠርጋ፣ በዚያ በማውቀው ድምፅ… እኔም ያወጣሁት፣ ያቺም ያወጣችው ድምፅ… "አይዞሽ የኔ እናት፣ በቅርብ ቀን እመጣለሁ" አለች።

የቢሮዋም እኔም ወለል ወለሉን አየን።

"አትመጪም" አለች ሚጢጢ። "እኔ ትልቅ ልጅ እስክሆን አትመጪም። ሁለቱም ነግረውኛል።"

እናትየው አየችን። እንድትጠላን ጠበቅኩ፤ እኔ ብሆን እጠላ ነበር። እሷ ግን በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን አሾልካ የልጅቷን ጉንጭ ነካች።

"እሺ… አንቺስ? መቼ ትመጪያለሽ?"

ሚጢጢ ዞራ ቀና አለችና አየችን።

ቀጣዩን ፈቃድ መቼ እንደሚሰጡ አንዳችንም አናውቅም። የቢሮዋ አፏን ከፈተች። "በቅር…" ልትል እንደሆነ ከከንፈሯ አየሁ። ክርኗን ያዝኩ። እኔም ምላሴ ላይ አንድ ነገር ነበረ፤ እሷም እጄን ያዘች።

"አናውቅም" አልናት፤ በአንድ አፍ።

ሚጢጢ ወደ ሽቦው ተመለሰች። "አያውቁም" አለቻት። እናትየው ራሷን ነቀነቀች፤ ተቀበለችው።