ከሊሾው በታች

ውድ እማማ፣

እንዴት ሰነበቱ? አራሷስ፣ ሕፃኗስ? እኛ ደህና ነን።

ልጅዎ በስልክ «ዛፉ ደህና ነው» ሲልዎት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። «አንተ ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል፤ እውነቱን ዶክተሯ ትጻፍልኝ» ብለው ሲዘጉበት ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ስለዚህ እውነቱ ይኸውልዎት፦ ዛፉ ግማሹ ሞቷል። ሌላው ግማሽ እንዴት እንደተረፈ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ብዙውን አብረን ያየነው ነገር ነው፤ ነገር ግን በእኔ በኩል ምን ይመስል እንደነበር ነግሬዎት አላውቅም።

ያን ክረምት ወድቀው ዳሌዎ ሲሰበር ልጅዎ ጭነት ይዞ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። ደውዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። መኪናውን ዳር ሲያስይዝና ሞተሩን ሲያጠፋ በስልኩ ይሰማኛል። «ምን ጣላት?» አለ። «ጭቃ አዳልጧቸው ነው» አልኩት፤ እርስዎ ያሉኝን። ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ ግንበኞች አምጥቶ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ አስደረገው። ግንዱ ዙሪያ ትንሽ ክፍት ቦታ እንዲተው ብጠይቀው፣ «ትንሽ ክፍት ማለት ትንሽ ጭቃ ማለት ነው» ብሎ ሲሚንቶውን እስከ ዛፉ አንገት ድረስ አስጠጋው። እርስዎ በክራንች ሲገቡ «ውይ ልጄ፣ እንደ ሆስፒታል ኮሪደር አሳመርከው!» ብለው መረቁት። ፊቱ እንዴት እንደበራ ትዝ ይልዎታል? እናቱ ስትወድቅ አጠገቧ ያልነበረ ልጅ ዕዳውን የከፈለ መሰለው።

የእኔን ሥራ እርስዎ «አፈር ማሽተት» ይሉት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ምን እንደምሠራ ስትጠይቅዎ «ዶክተር ናት፤ ግን ራስ ምታት እንኳ አታድንም» ሲሉ በመስኮት ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ ልክ ነዎት። ነገር ግን በዚያን ጊዜ እኔና ባልደረቦቼ የምናጠናው የከተማ መንገድ ዳር ዛፎችን ነበር። እስከ ግንዳቸው አስፋልት የለበሱትን ክፍት አፈር ላይ ከበቀሉት ጋር እናወዳድራለን። ሰው ዛፍ በቅጠሉ ብቻ የሚተነፍስ ይመስለዋል። ሥሩም ይተነፍሳል። በሥሩ ላይ ተጠምጥመው የሚኖሩ፣ ከፀጉር የቀጠኑ የፈንገስ ክሮች አሉ፤ ውኃና ምግብ ከሩቅ እየለቀሙ ለዛፉ ያቀብሉታል፤ እነሱም አየር ይፈልጋሉ። አፈሩ ሲታሸግ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ዛፉ ከእነሱ በኋላ ዓመት ሁለት ዓመት ቆሞ ስለሚቆይ ማንም ልብ አይለውም።

የእኛም እንዲሁ ሆነ። ያለ ወቅቱ ቅጠሉን ማራገፍ ሲጀምር እርስዎ በየጠዋቱ ሊሾውን እየጠረጉ «እንደኔው አርጅቷል» ይሉ ነበር። እኔ ግን ምሳ ላይ ተናገርኩ።

«ሥሩ አየር አጥቶ ይመስለኛል» አልኩ።

ልጅዎ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እናቴን የጣለውን ጭቃ ልመልሰው ነው የምትዪኝ?»

«እሱን አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽ? ዛፍ ከሰው ይበልጣል?»

እርስዎም ከእሱ ጋር አበሩ፦ «ተይ እንጂ ልጄ ላቡን አንጠፍጥፎ ያሠራውን!» አማትና ባል ካበሩ ምራት ምን አፍ አላት? ሳህኔን አንስቼ ወደ ኩሽና ገባሁ። ያን ቀን ግን ተቀይሜ ነበር፤ እውነቱን ጻፊ ብለውኛልና እሱንም ልጻፈው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅዎ መንገድ ሲወጣ መለኪያዬን ከላቦራቶሪ ይዤ መጣሁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበርዎን አስጠግተው ቁጭ አሉ። በመሰርሰሪያ ጣት የምታህል ቀዳዳ በሳሁና የመለኪያውን ዘንግ አስገባሁ።

«እህ፣ ምን ይላል?»

«ክፍት አፈር ውስጥ ከምናገኘው ኦክስጅን ሩቡ እንኳ የለም።»

«ታፍኗል በይኛ!»

«አዎ፣ እማማ። ታፍኗል።»

መነጽርዎን አውልቀው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ዕድሜ ልክዎን አዋላጅ ነርስ ሆነው የሠሩ ሰው፣ ያን ጊዜ ያዩኝ አስተያየት የሥራ ባልደረባ አስተያየት ነበር። «ታፍኖ የተወለደ ሕፃን መጀመሪያ የሚጠቁረው ጣቶቹ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄም የደረቀው ከጫፍ ከጫፉ ነው። እርጅና እንዲህ አይጀምርም።»

ሁለት ሆነን ብንጠብቀውም ልጅዎ የሚበገር አልሆነም። የለካሁትን ሁሉ አስረዳሁት፤ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ «ገብቶኛል» አለ። «ይድረቅ። እናቴ ሁለተኛ አትወድቅም።» ሊከራከሩት የማይቻል ነገር ነበር። እናቱን የሚወድን ሰው በቁጥር ማን ያሸንፈዋል? እኔ ተስፋ ቆርጬ ስነሳ እርስዎ «ቆይ፣ ቁጭ በሉ ሁለታችሁም» አሉ።

«እኔን የጣለኝ ጭቃ አይደለም።»

«ምን?» አለ ልጅዎ።

«በርጩማ ላይ ወጥቼ ነው። ቅርንጫፉ ላይ የልብስ ገመድ ላስር። ‹ከፍታ ላይ እንዳትወጪ› ብለህ ስንት ጊዜ አስጠንቅቀኸኛል፤ ስወድቅ አፈርኩ። ጭቃ አፍ የለውም፤ በእሱ አላከክሁ።»

«በርጩማው ግን እዚያ አልነበረም!» አልኩ እኔ።

«ልብስ ሰፊዋ ናት ያነሳችው። አስምያታለሁ፤ እንዳትቆጧት።»

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ልጅዎ እርስዎን፣ ከዚያ ዛፉን፣ ከዚያ ያንን የሚያብለጨልጭ ሊሾ አየ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጭቃን ስረግም ከረምኩ እኮ!» አለ። እርስዎ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ «ከክፍሌ በር እስከ አጥሩ በር ያለውን ተውልኝ፤ እግሬ ለምዶታል» አሉት።

ግንበኛ አልጠራም። «ያለበስኩት እኔ፣ የማወልቀውም እኔ» ብሎ መዶሻና ዲጂኖ ተውሶ ጀመረ። እርስዎ አራሷን ሊያርሱ የሄዱት ሥራው መሐል ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አላዩትም።

ከሊሾው በታች ያለው አፈር እንደ ሸክላ ጡብ ጠጥሮ ነበር፤ ሽታው የቆመ ውኃ ሽታ ነው። በመንገዱ በኩል ያሉትን ቀጫጭን ሥሮች በጣቴ ስይዛቸው ልጣጫቸው እንደ ጓንት ተንሸራቶ ወጣ። ሞተዋል። በልብስ ሰፊዋ በኩል ግን አንድ ክንዴን የሚያህል ሥር አገኘን። በአጥሩ መሠረት ሥር ሾልኮ ወደ እሷ የአትክልት መደብ ገብቷል። «ለካ ዛፋችን በጎረቤት ማዕድ ነው የኖረው!» አለ ልጅዎ። እሷም አጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እኔማ ሰላጣዬን ምን እንደሚያቀጭጭብኝ ግራ ገብቶኝ!» አለች። ሥሩን የማን እንደሆነ ሳታውቅ ልትቆርጠው ስታስብ ከርማ ነበር፤ መጥረቢያ ስላልነበራት ተረፈ። ከዚያ ሥር ናሙና ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ክሮቹ አሉ፣ በሕይወት። በዚያ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች አሁን ለምለም ቅጠል አውጥተዋል።

ምርምር ከምንሠራበት ጥንታዊ ደን አስፈቅደን ጥቂት ጆንያ አፈር አምጥተን ከግቢው አፈር ጋር ቀላቅለናል። ክሮቹን መልሶ ይተክልልን እንደሆን ብለን ነው። በችግኞች ላይ ሲሞከር ተስፋ ሰጪ ውጤት አይተናል። እንዲህ ያለ ትልቅ፣ የተጎዳ ዛፍ ላይ ይሠራ እንደሆን ግን አላውቅም። ተስፋ ልሸጥልዎ አልፈልግም። የመንገዱ በኩል ዝናቡ ካባራም በኋላ አንድ ቀንበጥ አላወጣም። ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ውስጡ ቡናማ ነው። ሁለቱን ትልልቅ ቅርንጫፎች አስቆረጥን። ሲመለሱ መስኮትዎ ላይ ፀሐይ በቀጥታ ስትገባ እንዳይደነግጡ።

ባለፈው እሑድ የተቆረጠውን እንጨት ስንከምር ልጅዎ ድንገት ቆመ።

«ዛፉን የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለኝ።

«አይደለህም» ማለት ቀላል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። «ሊሾው አፍኖታል» አልኩት። «ሊሾውን ያፈሰስከው አንተ ነህ። ያፈሰስከው ለእናትህ ብለህ ነው። ሦስቱም እውነት ነው።»

እንጨቱን እንደታቀፈ «ሦስተኛውን ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ እሱን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ከመኝታ ቤታችን ጣራ በላይ የተዘረጋው ቅርንጫፍ ግማሹ ደርቆ ግማሹ አቆጥቁጧል። እኔ ነፋሱ ሳይመጣ ይቆረጥ እላለሁ። ልጅዎ አንድ ክረምት ይሰጠው ይላል። ሰሞኑን ከዚህ ሌላ ክርክር የለንም። ይቆረጥ ካሉን እሱ ራሱ መሰላሉን ይይዛል። ይቆይ ካሉን ደግሞ አልጋችንን ወደ ሳሎን እናወጣለን፤ ፍራሹን ከወዲሁ ለክቼ በበሩ እንደሚያልፍ አረጋግጫለሁ።

ሕፃኗን ይሳሙልኝ።

ምራትዎ