የቀጥተኛዋ ወፍ ጉዳይ

ውድ እህቴ፣

የግራ ሪዜ ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የማረዳሽ በጥልቅ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብሩ በክሊኒኩ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ፣ አንዲት ነርስ ብቻ በተገኘችበት ተፈጽሟል። የቀኙ ሪዜ ሐዘን ላይ ስለሆነ ጎብኚ አይቀበልም።

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? ከቼሪ መልቀሚያ መሰላል ወድቀሽ የተሰበረው ክንድሽ ዳነልሽ ወይ? እኔ ከተሰፋው ከንፈሬና ከጎድን አጥንቶቼ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ «ወፍ ነው የመታኝ በላቸው፣ ለልጆቹ ስትል» ብለሽ ስለለመንሽኝ ለምክትል ሸሪፉ እንደዚያው አልኩ። እሱም ሄሊኮፕተሬ ላይ ያለውን ክብ ቀዳዳ አየና «መቼም ቀጥ ብላ የምትሄድ ወፍ ነበረች» አለኝ። እስከ ነገ ጠዋት እንዳስብበት ነግሮኝ ሄደ። እያሰብኩ ነውና ነገሩን ከሥሩ ስሚኝ።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ባልሽ ዴልበርት መጠጥ ቤት ውስጥ የበረራ ሳይንስ ጉባኤ ከፍቶ ነበር። አውሮፕላን እየበረረ ሽንት ቤቱን ሜዳ ላይ እንደሚደፋ አወጀ። ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት እዚያ የምድር ስበት ስለሌለ ነው አለ። ስበቱማ አለ፣ ሰዎቹ ያለማቋረጥ እየወደቁ ምድርን የሚስቷት ናቸው ብዬ ስነግረው «እንግዲህ የቼሪ አድራቂው ፕሮፌሰር ተናገረ» ብሎ አሳቀብኝ። ቀጥሎ ሄሊኮፕተር ሞተሩ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ይወድቃል፣ በጥይት ቢነኩት ደግሞ እንደ ርችት ይፈነዳል አለ። ይህንንም በትዕግሥት አረምኩ። የመጨረሻ ጥያቄዬ ግን ስለ በረራ አልነበረም። መሰላል በምን ጥበብ በሰው አንገት ላይ የጣት ምልክት እንደሚተው ነበር የጠየቅኩት። መልሱ በቢራ ጠርሙስ ተሰጠኝ። እኔም በወንበር አመሰገንኩ።

ሲዘንብ አደረ። ዝናብ ያደረበት የቼሪ ፍሬ ቶሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃልና፣ ንጋት ላይ እንደ ልማዳችን ውሃውን በሄሊኮፕተር ነፋስ ላራግፍ ተነሣሁ። አንዱን እርሻ ጨርሼ ወደ ሌላው ለመሻገር ከፍ ብዬ ስበር፣ ከታች ከዴልበርት ፒክአፕ ላይ ጠመንጃ ጮኸ። የነዳጅ ቧንቧው ተበጠሰ፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። እንደ ርችት አልፈነዳሁም። የአናት ክንፎቹን ማንሻ ወዲያው ዝቅ ሳደርገው ከታች የሚመጣው ነፋስ ክንፎቹን፣ ልጅ ይዞት እንደሚሮጥ የወረቀት መዘውር፣ ያሽከረክራቸው ጀመር። በዚያው ሽክርክሪት የሰው የአልፋልፋ መኖ ማሳ መሃል አረፍኩ። ጅራቱ ብቻ ተቀነጠሰ።

ዴልበርት እየነዳ ደረሰ። ተፈጥሮ እሱን ለይታ የከዳችው ይመስል ነበር።

«ሞተሩ ጠፍቷል እኮ» አለኝ። «መውደቅ ነበረብህ።»

«ወረድኩ እንጂ አልወደቅኩም፣ አማቼ።»

በጠመንጃው ሰደፍ አፌን መታኝ፤ የግራ ሪዜ ለስፌቱ ተላጭቶ የተሰዋው በዚህ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ጥሎ ጎድኔን ይረግጠኝ ገባ፣ በየርግጫው መሃል «እንደ ድንጋይ፣ እንደ ድንጋይ» እያለ። በእሳት ማጥፊያው ጉልበቱን ሰበርኩት። አሁን እዚሁ ክሊኒክ ከእኔ ሁለት ክፍል አለፍ ብሎ ተኝቶ፣ ሄሊኮፕተሩ የተደበቀ ፓራሹት እንደነበረው ነርሶችን እያስተማረ ነው። የሰጠሁት የወፍ ቃል ከጸና ነገ ከሰዓት በክራንች ወደ አንቺ ይመለሳል።

እህቴ፣ አንቺም የራስሽ ሳይንስ አለሽ። አባወራ ከሌለ ቤት እንደ ድንጋይ ይወድቃል ትያለሽ። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ፦ ሞተር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚመጣው ዝምታ ነው፤ ያስፈራል። ከዚያ ነፋሱ ይይዝሻል። ማረፉ ያማል፣ ግን ይታረፋል። ነገ ጠዋት ከሸሪፉ ቢሮ እንደወጣሁ በጓሮ በር እመጣለሁ። ለልጆቹ ጫማቸውን አድርገሽላቸው ጠብቂኝ።

እግዚአብሔር ክንድሽን ይጠግነው፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ በር የምትከፍቺበት ጉልበት አይንሳሽ።

ባለ ግማሽ ሪዙ ታናሽ ወንድምሽ

እርማት፦ ቀደም ሲል ለሕግ በተሰጠው ቃል «ወፍ» ተብሎ የተገለጸው «የእህቴ ባል» ተብሎ እንዲነበብ፤ ከዚሁ ጋር በተያያዘ፣ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ስሙ ያለአግባብ የተነሣው መሰላል ከማንኛውም ተጠያቂነት ነፃ መሆኑ ይታወቅ።