የጃኬቱ ሽታ

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬም የሰው አፍንጫ ስጭር ዋልኩ። ጥጥ፣ መስታወት፣ ቀለም፣ ማይክሮስኮፕ። ተራ ጉንፋን አይደለም፣ ኢንፍሉዌንዛ ነው ይላል ሩሲያዊው ዶ/ር። ባለፈው ሳምንት ለሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ ሕያው ክትባት በአፍንጫው ጠብ አድርገናል። እኔን አለፈኝ። አፍንጫዬ ተደፍኖ ነበርና ሲሻልሽ ተባልኩ። ሲሻለኝ ክትባቱ አለቀ።

ቤት ገባሁ። ከበሩ ኋላ የባለቤቴ ጃኬት። አሸተትኩት። ናፍጣ፣ ጀንፈል ቡና፣ ላብ። ከያዮ ቡና ሲጭን የሚለብሰው ነው። ከነመኪናው ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም። ጃኬቱን አላጠብኩትም። አላለቅስም። አሸተዋለሁ፣ ራቴን እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ይኸው ነው ኑሮዬ፣ ደብተር ሆይ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ሁለት መስታወት ጎን ለጎን። አንዱ የባለሱቁ የጋሼ ሙዘይን፤ በትኩሳት ነደው የመጡ። የአፍንጫቸው ሴሎች ጥቃቅን ፀጉራቸው ረግፎ፣ ተፈንቅለው፣ እንደ ገለባ ተበትነዋል። ሌላው የአንዲት የተከተበች ነርስ። ጥቂቱ ቆስሏል፣ የቀረው ቆሟል። የክትባቱ ቫይረስ ደካማ ነው። ቀዝቃዛው አፍንጫ ላይ ይኖራል፣ ሞቃቱ ሳንባ አይስማማውም። የተነካው ሴል ጎረቤቶቹን ያስጠነቅቃል። እሱ ይሞታል፣ እነሱ በራቸውን ይዘጋሉ።

ዶ/ሩ ይህን ሲያስረዳኝ ሳቅ አመለጠኝ። ሰፈራችን ትዝ አለኝ። ምን ያስቅሻል አለ። ምንም አልኩ። እዚህ አገር ምንም ማለት ይቀላል።

ከሰዓት ስብሰባ። የቀበሌው ጓድ ሊቀ መንበር ሴቶቹን አስተምሪ አለኝ። በአማርኛም በኦሮምኛም ለፈለፍኩ። መስኮት ክፈቱ። ስታስነጥሱ ሸፍኑ። በሽተኛ ያለበት ቤት ልብስ ሁሉ ይታጠብ፣ አንድም ሳይቀር። አብረውኝ የሚኖሩት አማቴ አዴ ጫልቱ ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ኮርተውብኛል። እኔ ደክሞኛል።

እሑድ፣ ጥር 12

የኔ ተራ። ብርድ ብርድ ይለኛል። አጥንቴ ሁሉ። ብዕሩ ራሱ ይከብ…

ዓርብ፣ ጥር 24

ተነሣሁ። ሽታ ግን የለም። ነጭ ሽንኩርት ቀጠቀጥኩ፤ ምንም። ላምባ ከፈትኩ፤ ምንም። ጃኬቱ ቦታው ላይ ነው። ፊቴን ቀበርኩበት። ምንም። ጃኬቱም ቀለል ያለ መሰለኝ። በሽታው ነው፣ እጄም ነገር አይለይ።

ዶ/ሩን ጠየቅኩ። የማሽተቻ ሴሎች ያሉት ከአፍንጫ ጣሪያ ነው፣ ከሥራቸው ካልሞቱ እንደገና ይበቅላሉ፣ ታገሺ አለ። ካልበቀሉስ አላልኩትም። ፈራሁ። ከባለቤቴ የቀረኝ ያ ሽታ ብቻ ነው። ፎቶውን ሳየው ሌላ ሰው መምሰል ጀምሯል።

አዴ ጫልቱ ዳማከሴ ጨምቀው በአፍንጫዬ ጠብ አደረጉልኝ። እንባዬ ወረደ። ስላቃጠለኝ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ጠዋት። ወደ ሥራ ስወጣ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። የቡና አበባ። ከጎረቤት ጓሮ። ሸተተኝ!

ቦርሳዬን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ጃኬቱን አወረድኩ። አሸተትኩት። እንዶድ። ደግሜ አሸተትኩ። ብብቱን፣ ኮሌታውን። እንዶድና የወንዝ ውሃ። ሌላ የለም።

አዴ ጫልቱን ጠየቅኳቸው። አዎን አሉ፣ ታመሽ ሳለ ሶር ወንዝ ወርጄ የቤቱን ልብስ ሁሉ አጠብኩ፣ አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን። ደስ እንዲለኝ ጠብቀው ነበር። ፊቴን አዩ። ገባቸው። ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ከማጠቤ በፊት አሸትቼዋለሁ አሉ። «ሽታው ነበረ።»

ልጃቸው እኮ ነው። እስከዛሬ እኔ ብቻ የማሸተው መስሎኝ። ለካ እሳቸውም እኔ ሥራ ስሄድ ከበሩ ኋላ ይቆማሉ። ሽታው እያለ፣ እያወቁ፣ እኔ ስላልኩ አጠቡት።

አልተቆጣሁም። ጎናቸው ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ዛሬስ የዳማከሴው አይደለም። ሥራ አልሄድም። ምን ምን ይል እንደነበር ሁለታችንም ሳንረሳ እጽፈዋለሁ። ናፍጣ አልኩ። ናፍጣ አሉ። ጀንፈል። አዎን፣ ጀንፈል። ደግሞ አንቺ የማታውቂው አንድ አለ አሉኝ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንገቱ ሥር የሚሸት፣ ትኩስ ወተት የመሰለ። ጻፍኩት።